ቱቦው ክረምቱን ይችላል ያልኩ ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጠዋት ጠዋት የሚነሳብሽ ሳል ለቀቀሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? ባልሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? ትንሿ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ በምላሷ ትደፍነዋለች? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ግራ እጇ ላይ ካለው ጀሶ በቀር ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጎረቤቱን ሁሉ ትቆጣለች። የእሷን ጤንነት በዚህ ነው የምናውቀው።

ስለ ጀሶው በስልክ የነገርኩሽ ውሸት ነው። ኩሽና ውስጥ አዳልጧት አይደለም። ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ታውቂያለሽ፤ ስልክ ደግሞ ጆሮ አያሳይምና ተጠቀምኩበት። ከዚያ ወዲህ እህል አልስማማኝ ብሏል። አሁን ሁሉንም እንደሆነው እጽፍልሻለሁ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ግን ስልኩን እንዳታነሺ።

ሰፈራችን ትተሽው እንደሄድሽው ያለ እንዳይመስልሽ። በላይ በኩል ሣር የነበረው ሜዳ ሁሉ ፎቅ ሆኗል፤ በፎቆቹ መካከል ያለውም መሬት በሲሚንቶ ተለብጧል። ድሮ ሲዘንብ ግማሹን መሬቱ ይጠጣው ነበር። አሁን የሚጠጣው ስለሌለ ያለው ሁሉ ወደ እኛ ይወርዳል። ስለዚህ ክረምት ሊገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሰፈሩ ሰው እረፍት የለውም። ጣራ ላይ ሬንጅ የሚቀባ አለ፣ አሸንዳ የሚጠግን አለ፣ ማገዶውን ከደጅ ወደ ቤት የሚያስገባ አለ። አንድ እሑድ ደግሞ ሁሉም አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣና ቦዩን ከታች እስከ ላይ ይጠርጋል። አስተባባሪው ጸጉር አስተካካዩ ነው። ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ምላጭ አንገቱ ላይ አድርጎ ስለሆነ የሚያነጋግረው፣ አልወጣም የሚለው የለም።

ወደ ራሴ ልምጣ። ከአምና ጀምሮ ማዕዘኑ ላይ በሚሠራው ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ፎርማን እንደሆንኩ ነግሬሽ ነበር፤ የዚያን ቀን ደስታሽን አልረሳውም። ባለፎቁ ሱቆቹን ክረምት ሳይገባ ለመክፈት ቸኩሏል። መኪና ወደ ግቢው እንዲገባለት በቦዩ ላይ መሸጋገሪያ ያስፈልገዋል። ቦዩን ሳንነካ ትንሽ ድልድይ እንሥራ ብዬው ነበር፤ ጊዜ ይፈጃል አለኝ። ግቢው ውስጥ ተርፎ የተቀመጠ ቱቦ ነበር፤ እሱን ቦዩ ውስጥ አስተኝቼ፣ ዙሪያውን በድንጋይና በአፈር ደልድዬ፣ ከላይ አርማታ እንድሞላበት አዘዘኝ። ቱቦው ጠባብ ነው። ጭንቅላቴን ባስገባ ትከሻዬ አያልፍም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም በለሆሳስ፣ ይኼ የክረምቱን ውሃ አያሳልፍም አልኩት። ስልኩን እየነካካ፣ ሥራውን አንተ ትሠራልኛለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ ብሎ ጠየቀኝ። ቱቦውን አስተኛሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ አርማታው ደርቆ መኪናው አለፈበት።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሰፈሩ ለጠረጋ ወጣ። ጭቃውንና ፌስታሉን እያወጡ ከታች መጡና እኔ የሞላሁት አርማታ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጎማው የምንለው መካኒክ ጎንበስ ብሎ የቱቦውን አፍ በአካፋው እጀታ ለካና እጀታውን ለሌሎቹ አሳያቸው። ጸጉር አስተካካዩ ወደ እኔ ዞረ። ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል። እማዬም ሠራተኛውን ውሃ ልታጠጣ ጆግ ይዛ መካከላቸው ነበረች።

«አንተ የሰፈሩ ልጅ ነህ፤ ሥራውም የእጅህ ነው» አለኝ። «አንተ ያልከውን እንቀበላለን። ይኼ ቱቦ ክረምቱን ይችላል?»

ባለፎቁ በረንዳው ላይ ቆሞ ያየኛል። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ይችላል» አልኩ።

አመኑኝ፣ እትዬ። ቢሰድቡኝ፣ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው የቀረውን ሊጠርጉ አለፉ። እማዬ ብቻ ጆጉን እንደያዘች ጆሮዬን ታየው ነበር። ቤት ስንገባ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። የማታውቂው ነገር ውስጥ አትግቢ ብዬ ጮህኩባት።

ከዚያ በኋላ የኖርኩት ኑሮ አይባልም። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በረጅም የብረት ዘንግ፣ ቱቦው ውስጥ የተሰካውን ፕላስቲክና ቅጠል እጎለጉላለሁ፤ ሰው ብቅ ካለ የወደቀበትን ነገር የሚፈልግ እመስላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ቀላል ነበሩ። ውሃው ቱቦውን እስከ አፉ ሞልቶ እየታፈነ አለፈ። ጸጉር አስተካካዩ እንኳ «እውነትህን ነው፣ ቻለው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ምናልባት ዘንድሮ ዝናቡ ይሳሳ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው። ታስታውሺዋለሽ፣ ከሕንፃው አጠገብ፣ ከመንገዱ ሁለት ደረጃ ወደ ታች የሚወረድበት አንድ ክፍል። አባቷ ጋሽ ሹፌር ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ ከአልጋ አይነሱም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ የዩኒፎርም ስፌት ስለሚበዛባት፣ ከሰዓት በኋላ የሰፋችውን ለማድረስ ትወጣለች። ያን ጊዜ አባቷ ጋ የምትቀመጠው እማዬ ናት። ይኼን ሁሉ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር የምለው አንድም ነገር የለኝም።

ሐሙስ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። እኛ ጋ ያካፋል እንጂ አልጠነከረም፤ በላይ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሮ ሲያጉረመርም ነው የዋለው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብሎኬት ሳስደረድር አንድ ሠራተኛ በእጁ ወደ ላይኛው መንገድ እያሳየ ጠራኝ። ውሃው መጣ። የአጥር ቆርቆሮ፣ የዶሮ ቤት፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ይዞ ነው የመጣው። ዛፉ የቱቦው አፍ ላይ ተጋደመ። ውሃው አበጠ፣ ከቦዩ ወጣ፣ ወደ ግራ ታጠፈ። በግራ በኩል ያለው የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ስደርስ ሁለቱ ደረጃዎች ጠፍተው ውሃው የበሩ ወገብ ላይ ደርሷል። ጎማውና ጸጉር አስተካካዩ በሩን ይጎትታሉ፤ ጸጉር አስተካካዩ ነጭ ጋዋኑን እንኳ አላወለቀም። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጪ ነው፤ ውሃው ተጭኖት ፍንክች አይልም። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ከውስጥ የእማዬ ድምፅ ይሰማል። አትጮህም። ሕፃን የምታባብል ይመስል «ቀና ይበሉ፣ እኔን ይደገፉኝ፣ ቀና ይበሉ» ትላለች፣ ደጋግማ።

ጎማውን ፍርግርጉን ንቀል አልኩትና ወደ አርማታው ሮጥኩ። ውሃው መሄጃ እስካላገኘ ድረስ በሩ አይከፈትም። ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። ባለፎቁ ጃንጥላውን ይዞ መጥቶ ፊቴ ቆመ፤ ይኼን ከነካህ ዛሬውኑ ከዚህ ግቢ ትወጣለህ፣ እከስሃለሁም አለኝ። በጎኑ አልፌ አርማታውን መታሁ። ፌሮውን ያሰርኩት እኔ ስለሆንኩ የት ጋ እንደሳሳ አውቃለሁ። በአምስተኛው ምት ተሰነጠቀ። ሠራተኞቹ ማንም ሳያዛቸው ድጅኖ ይዘው ወርደው ገቡበት። ስንት ጊዜ እንደመታሁ አላስታውስም፤ መዳፌ ተልጦ እጀታው በደም ሲያንሸራትተኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ ቱቦው ተሰባበረ፤ ዛፉን ስበን አወጣነውና ውሃው ቁልቁል ተለቀቀ።

ከወገብ ወደ ጉልበት ሲወርድ በሩ ተላቀቀ። እማዬ አልጋው ላይ ተንበርክካ ጋሽ ሹፌርን ከጀርባቸው ደግፋ ግድግዳው ላይ አስጠግታ ይዛቸዋለች። ውሃው ቁምሳጥኑን አንስቶ ግራ እጇ ላይ ጥሎባት አጥንቷ ተሰብሯል፤ እሷ ግን በዚያው እጅ አልለቀቀቻቸውም። ጋሽ ሹፌር ሲያዩን «አርባ ዓመት ጎርፍ እያቋረጥኩ የነዳሁ ሰው አልጋዬ ላይ ልሰጥም ነበር» አሉ። ጎማው ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰ። እማዬን ተሸክሜ ወጣሁ። በቀኝ እጇ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ልብስ ሰፊዋ ስትመለስ ቤቷ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። የስፌት መኪናዋ በጎኑ ወድቋል፤ ሰማያዊዎቹ ዩኒፎርሞች ከጭቃው አልለይ ብለዋል። የሰፈሩ ሴቶች ተከፋፍለው ወሰዷቸውና በየቤታቸው አጠቧቸው። ሁለት ቀን ሙሉ የሰፈሩ ገመድ ሁሉ ሰማያዊ ነበር።

እሑድ ተሰበሰብን። ሁሉም የሚያወግዘው ባለፎቁን ነው። ጸጉር አስተካካዩ ተነስቶ እኔን ያመሰግን ጀመር፤ እንጀራውን ትቶ ሰው አዳነ እያለ። አንገቴን ደፍቼ ብቀመጥ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር፤ ባለፎቁም አይናገር፣ እማዬም አትናገር። እኔ ግን ተነሳሁ።

«ቱቦው እንደማይችል አውቅ ነበር» አልኩ። «ጠይቃችሁኝ ዋሸኋችሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ሆና «አባቴ እዚያ እንዳሉ እያወቅህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እናትህም እንዳለች እያወቅህ?» አዎ አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልንገርሽ። ከሥራ ተባርሬአለሁ። ባለፎቁ ንብረቴን አፈረሰ ብሎ ከሶኛል። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ መጥቶ ለካና ቦዩ ሁለተኛ እንዳይደፈን፣ መሸጋገሪያው ድልድይ እንዲሆን ጽፎ ሄደ፤ ክሱ ግን አልተነሳም። የፊታችን ማክሰኞ እቀርባለሁ። እዚያም የጠየቁኝን ሁሉ እናገራለሁ፤ ምን እንደሚፈርዱ አላውቅም። ጸጉር አስተካካዩ እመሰክርልሃለሁ ብሏል። ጸጉሬን ሲቆርጠኝ ግን ዝም ይላል፤ እሱ ዝም ያለው ሰው እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ቤት እሠራለሁ። በሩን ወደ ውስጥ የሚከፈት አድርጌዋለሁ፤ ከደጁ ፊት ውሃ የሚመልስ ግንብ እያቆምኩ ነው። ስሠራ አታናግረኝም። ትላንት ግን ግንቡን ቆማ ስታየው ቆየችና አንድ ረድፍ ድንጋይ ይጨመርበት አለች። ጨመርኩበት።

እማዬ ስለ ውሃው አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ከጎርፉ በኋላ በስድስተኛው ቀን ጸጉሯን ሳበጥርላት፣ አንድ እጅ ስለማይበቃት እኔ ነኝ የማበጥርላት፣ ፊቷን ሳታዞር «እጄስ ይድናል» አለች። «ሁለተኛ ግን እንደዚያ አድርገህ እንዳትጮህብኝ።» ከዚህ ሁሉ እሷ ልቧ ውስጥ ያስቀረችው ያንን ነው።

እትዬ፣ ልትቆጪኝ ነው፤ ተቆጪኝ። ብቻ እማዬን ደውለሽ በለቅሶ እንዳታስጨንቂያት። እንደ ወንድሜ ለማየው ለባልሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቋን በትምህርቷ እንድትገፋ ንገሪልኝ፤ መካከለኛውን ጫማውን ራሱ ማሰር ከተማረ ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን። እማዬ በቀኝ እጇ ሁላችሁንም አቅፋ ትስማችኋለች። ጋሽ ሹፌርም ለእህትህ ሰላም በልልኝ ብለውኛል፤ እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ መጀመሪያ ያናገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሌላም የምጽፈው ነበረኝ፤ በላይ በኩል እንደገና ጠቁሯል። ጎማው አጥሩን በአካፋ እየመታ «አንተ፣ ና ውጣ፣ ቦዩ ጋ ሰው አንሷል» እያለኝ ነው። ከእሑዱ ወዲህ ሲጠራኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ልሂድ።

የምትወጂው ታናሽ ወንድምሽ

ከእማዬ ቤት፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ክረምቱ በገባ በሰባተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ