መርፌው ዜሮ እስኪደርስ

ውድ ጎረቤቴ፣

ይህን የሚያደርስልህ ሽንኩርት ጫኙ ሾፌር ነው። ድንበሩ ስለተዘጋ በሌላ አገር ዞሮ ነው የሚመጣው፤ እስኪደርስህ ወሬው ይበርዳል። ቢሆንም ካልጻፍኩልህ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ደክሞኛል። የሥራ ድካም ቢሆን ኖሮ ተኝቼበት ይወጣልኝ ነበር።

ስንት ዓመት በዚያ ቀይ ስልክ ተደዋወልን። እኔ ከዚህ መብራት እልካለሁ፣ አንተ ከዚያ ትቀበላለህ። መልክህን አይቼ አላውቅም፤ ከድምፅህ ተነስቼ ቦርጫም ነው ብዬ ደምድሜያለሁ፣ አትቀየመኝ። ሚኒስትሮቻችን በተነታረኩ ማግስት «እህት ዓለም፣ ዛሬ ወንድማማች ሕዝቦች ነን ወይስ ተኳርፈናል?» ትለኛለህ። «እስኪነግሩን ድረስ ወንድማማች ነን» እልሃለሁ። ስቀን ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

አሁን ነገሩን።

ማክሰኞ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ከአለቃዬ ጋር መጣ። የንግድ ስምምነቱ ፈርሷል፣ መስመሩ ዛሬውኑ ይቆረጥ አለ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ስልኩ ሄደ።

«ስልኩን እንዳትነኪ» አለኝ። «ሳይነገራቸው ነው።»

ማክሰኞ መሆኑ ነው የገደለኝ። ማክሰኞ ጠዋት ባለቤትህ ኩላሊት እጥበት ላይ ናት፤ ከእህትህ ጋር ትልካትና አንተ ሥራ ትገባለህ። አንድ ጊዜ መብራት ድንገት ጠፍቶ ነርሶቹ ማሽኑን በእጃቸው እያሽከረከሩ ደሟን እንደመለሱላት ትዝ አለኝ። ያን ሰሞን ድምፅህን ለሰማው የታመምከው አንተ ነበር የምትመስለው።

ስልኩን ተውኩት። ከግድቡ የሚመጣውን ኃይል ግን ትንሽ ቀነስኩ። ወደ አንተ የሚሄደውን የሚያሳየው መርፌ ዝቅ አለ፤ ያንተም መርፌ ያንኑ ያሳይሃል። ጠበቅኩ። ደግሜ ቀነስኩ።

«ምንድን ነው የምትጠብቂው?» አለ ሰውዬው።

አፌን ሳልከፍት አለቃዬ ቀደመኝ። «አሠራሩ ነው ጌታዬ። ድንገት ከተቆረጠ የኛም ማሽን ይጎዳል።»

እውነቱን ነው፣ ግን ዐይኑን ከመርፌው አልነቀለም። ያ ስንት ዓመት በጭቅጭቅ የፈጀኝ ሰው ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገብቶታል። ስለ እሱ ከዚህ በፊት የነገርኩህን ሁሉ እርሳው።

ከዚያ መርፌው እኔ ሳልነካው ወረደ።

የናፍጣ ጄኔሬተሮችህን እያስነሳህ ነበር። እኔ ስቀንስ አንተ ትሞላለህ፣ አንተ ስትሞላ እኔ እቀንሳለሁ። ስልክ ሳናነሳ ስናወራ ቆየን። እንባዬ መጣ፤ ጉንፋን ነው ብዬ አፍንጫዬን ጠረግኩ። መርፌው ዜሮ ሲደርስ መስመሩን ቆረጥኩት፤ ኮሽ ያለ ነገር የለም።

«በቃ? ይኼው ነው?» አለ ሰውዬው። ቅር ያለው መሰለኝ።

ስልኩን በማግስቱ ነቅለው ወሰዱት። ጠረጴዛዬ ላይ ቦታው ብቻ ቀርቷል፤ ሻይዬን እንኳ እዚያ ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም። መርፌው አንተ ሥራ ላይ እንደነበርክ ነግሮኛል። ባለቤትህ ደህና ትሁን አትሁን ግን ከዚህ ሆኜ የማውቅበት መንገድ የለኝም፣ ያደከመኝም ይኸው ነው።

አንድ ቀን ሚኒስትሮቹ ተቃቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። መስመሩንም ቀጥሉ ይሉናል። መቁረጡን ለብቻዬ አሠሩኝ፤ መቀጠሉ ግን እኔና አንተ ካልተነጋገርን አይሆንም፣ ስለዚህ ስልኩን ራሳቸው አምጥተው ይተክሉልኛል። ያን ቀን ስለ መብራት አንዲት ቃል ከመናገሬ በፊት እሷ እንዴት አደረች ብዬ እጠይቅሃለሁ። ደህና ናት በለኝ። እነሱ ቆመው ይጠብቁን።

ማንም ሳይነግራት እህትህ የሆነችው
ጎረቤትህ