ጀርባህን የሣለችው ልጅ

ሰይዴ፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ መልስ እንደሌለው ታወሰኝና ተውኩት። ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ።

ቤታችን እንዳለ ነው። የጓሮው ብርቱካን አፍርቶ የሚበላው አጥቶ ይረግፋል። ልጃችን ዘሀራ አሁንም ጅዳ ናት፤ ዐርብ ዐርብ ትደውላለች። ባለፈው፣ “እማ፣ የአባ መጋዘን እኮ ምግብ ቤት ሆነ። በስልክ አየሁት። እስኪ ሂጂና እዪልኝ” አለችኝ። አንተን ከቀበርን ወዲህ ወደ ሐይቁ ወርጄ አላውቅም ነበር። ለእሷ ስል ወረድኩ።

ዓሣ ስታራግፉበት የኖራችሁት መጋዘን ቀለም ተቀብቷል። በረዶ ቤቱ ወጥ ቤት ሆኗል። መረብ ትጠግንበት የነበረው ቦታ ላይ ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ ግድግዳው ዙሪያውን ሥዕል ነው። አንድ ሰው በማሲንቆ አምባሰል ይጫወታል። ሁሉም ከሰው ጋር ነው የመጣው። አስተናጋጇ፣ “እናቴ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ?” ስትለኝ፣ ብቻዬን ነኝ ማለት አፍሬ “አዎ፣ ይመጣል” አልኳት። ዓሣው ቀርቦ ቀዘቀዘ። እሾሁን አንተ እየለቀምክልኝ ነበር የምበላው፤ ለራሴ መልቀም ገና አልለመድኩም።

ልነሳ ስል አየሁህ። ትልቅ ሥዕል ላይ አራት አስጋሪዎች ታንኳ ይጎትታሉ፤ አንዱ ጀርባውን ሰጥቷል። ግራ ትከሻህ ዝቅ ማለቱን፣ ሸሚዝህን ወገብህ ላይ መቋጠርህን እኔ እንዴት አላውቀውም? ቆሜ ቀረሁ። የሣለችው ልጅ ከደሴ የመጣች ናት፤ እዚያው ነበረችና ጠጋ ብላ፣ “ያውቋቸዋል?” አለችኝ።

“ባሌ ነው” አልኳት።

ከአሮጌ ፎቶ እንደሣለችው፣ የማንንም ስም እንደማታውቅ ነገረችኝ። ስምህን ጠየቀችኝና ከሥሩ ጻፈችው። ከዚያም፣ “ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው” አለችኝ።

ባዶው ግድግዳችን ትዝ አለኝ። ቢሆንም፣ “ይቆይ፤ ጓደኞቹ መሀል ነው” አልኳት። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ጸጸተኝ። በሬን ስከፍት ደግሞ ባሰብኝ።

ሰይዴ፣ የምግብ ቤቱ ሰዎች ያላቸው ጀርባህ ብቻ ነው። ከሥራ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቆመህ የምትስቀውን ሳቅ የሚያውቁ ሰዎች አንድ በአንድ እያለቁ ነው። እኔ ግን አለሁ። በየሰላቴ ዱዓ ሳደርግልህ ዓይኔን እጨፍንና መጀመሪያ ፊትህን አያለሁ፤ አላህ እስኪያገናኘን ድረስ ያን ፊት አልረሳውም።

ሚስትህ ከዲጃ