የፊት ጥርሷን የጣለችው ጡት ጠቢ

ይድረስ፦ ለክቡር የቤተሰብ ችሎት ሰብሳቢ ዳኛ
ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ እንዲሁም በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ለሚያንቀላፉ ባለጉዳዮች ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጉልበትዎ፣ ወገብዎና በተለይም መነጽርዎ እንዴት እንደሰነበቱ ለማወቅ እጓጓለሁ። እኔ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላኝ ልብስ ሰፊ፣ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ። ዕድሜዎን ያርዝመው ብዬ ልመርቅዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ችሎትዎ የሰው ዕድሜ ሲጨምር እንደማይታየው ስለተረዳሁ ምርቃቱን ለጊዜው ይዤዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄና ምራቴ ሲፋቱ የልጅ ልጄ የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። በንብረት አልተጣሉም፤ ጥያቄው ልጅቷ ከማን ጋር ትኑር፣ አባቷስ መቼ መቼ ይያት የሚል ብቻ ነበር። ይህን ለመመለስ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ብቻ ስለወሰደብዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚህ መሐል መዝገቡ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተገኘ፤ ልጅቷ ግን አንዴም ሳትጠፋ ዳዴ አለች፣ ቆማ ሄደች፣ ፊደል ቆጠረች፣ አንደኛ ክፍል ገባች። ባለፈው ወር ውሳኔዎ ሲነበብ ግን እንዲህ ይላል፦ “ሕፃኗ ጡት የምትጠባ በመሆኗ ከእናቷ ጋር ትቆይ፤ አባትና የአባት ወገን በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በእናት ቤት፣ እናት ባለችበት ይጎብኟት፤ ጡት እስክትተው ድረስ ከቤት ይዞ መውጣት የተከለከለ ነው።”

ያቺ ጡት ጠቢ በዚያች ሰዓት ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ በቆሎ በጎን ጥርሷ ትግጥ ነበር።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና ቅሬታዬን ልዘርዝር።

አንደኛ፦ ስህተቱ ይታረም ብለን ስናመለክት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ “አባቴ፣ እዚህ ላይ ስምንት ወር ይላል፤ እኔ ከመዝገቡ አልበልጥም” አሉኝ። ልጅቷን ከፊታቸው ገትሬ ባቆማትም ቀና ብለው አላዩዋትም። መዝገቡን የጣሉት እነሱ፣ የተቀጣችው እሷ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። የእርስዎም የጡረታ መዝገብ፣ ቀኑ ሲደርስ፣ በእኚሁ ታማኝ ሰው እጅ እንዲወድቅ ጠዋት ማታ እጸልያለሁ።

ሁለተኛ፦ ጡት መተዋ በሐኪም ይረጋገጥ ስለተባለ ከእናቷ ጋር ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ ጉዳያችንን ሰምቶ በሩን በሩን እያየ፣ “ሕፃኗስ የታለች?” አለ። “ይቻትና” ብዬ ባሳየው ሳቁን መዋጥ አቃተው። እሷም ቀበል አድርጋ፣ “አባዬ፣ ጡጦዬን ረስተን መጣን እንዴ?” አለችኝ። ማሾፉን ከማን እንደወረሰች ለችሎቱ በምስክር ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ወረቀቱን ይዘን ብንመለስ፣ የማስረጃ ማቅረቢያ ጊዜው ካለፈ አምስት ዓመት እንደሆነው በትሕትና ተነገረን። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ሦስተኛ፦ ይህኛው እንኳ አያስቅም። ምራቴን አልወቅሳትም፤ በፈረቃ የምትሠራ ነርስ ናት። ቅዳሜ ልጅቷን ልውሰድልሽ ብላት፣ “አባባ፣ ቢወስዷትማ እኔም ጎኔን ባሳርፍ አልጠላም፤ ግን ትእዛዝ ጥሳለች ብለው ልጄን ቢነጥቁኝስ?” አለችኝ። ስለዚህ በየቅዳሜው እሷ ከሥራ ውላ አድራ መጥታ ወንበር ላይ እያንቀላፋች ትጠብቀናለች፤ ልጄ ሰዓቱን ያያል፤ ልጅቷ ደግሞ የኔ ዓይን እምቢ ስላለ የሳምንቱን መርፌዎች አንድ በአንድ ክር ታስገባልኛለች። ሰዓቱ ሲሞላ የተጀመረው መርፌ እንደተጀመረ እንነሣለን። ሱቄ ወስጄ ከስፌት መኪናው ፊት ላስቀምጣት፣ ጨርቅ መቁረጥ ላስተምራት ነበር ምኞቴ። ዓይኔ ግን የእርስዎን ቀጠሮ አይጠብቅም።

አራተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ስድብ ነበር።

የምጠይቀው አንድ መስመር እንዲሰረዝ ነው። “ጡት እስክትተው” ብሎ ከቤት ይዞ መውጣትን የሚከለክለው። ብዕርዎን ለማንሳት ሌላ ስድስት ዓመት ከፈጀብዎ ግን ልጅቷ በራሷ እግር መጥታ ታመሰግንዎታለች፤ ያኔ ምን እንደምትልዎ አላውቅም፣ የምታውቀው የኔን አነጋገር ነውና።

በችሎትዎ ፊት ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሲነሣና ሲቀመጥ የኖረ፣ ወንበርዎን የሚያከብር፣ ለተቀመጠበት ግን ቃላት የሚያጥረው፣

የጡት ጠቢዋ አያት
ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ የግዥ ክፍልዎ ያዘዘኝ አዲሱ የችሎት ካባዎ ተሰፍቶ አልቋል። ወገብዎን እንደገና መለካት ክቡርነትዎን መድፈር መስሎ ስለታየኝ፣ በተሾሙ ሰሞን፣ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብለው ሳሉ ከደብተሬ ባሰፈርሁት ልክ ቆርጬዋለሁ። ለልጅ ልብስ፣ ልጅ ያድጋልና ጫፉን አጥፈን ትርፍ እንተዋለን፤ ለእርስዎ ግን አንዲት ጣት አልተውሁም። አልቆለፍ ካለዎት እንዳስተካክለው ይምጡ፣ ሱቄ ክፍት ነው። ችግሩ፣ ክር የገባባት የመጨረሻዋ መርፌ እዚያው ካባ ላይ አለቀች፤ የምታስገባልኝ ልጅ ደግሞ ከእናቷ ቤት እንዳትወጣ በእርስዎ ፊርማ ታግዳለች።