ተጠርጎ ያልጠፋው ጫጫታ

መቐለ፣ እንዳ ኢየሱስ
መጋቢት 12 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለምትናፍቀኝ አባዬ፣

ይህ ሁሉ ሰማይ ከየት መጣ ብለህ ጠይቀህ አታውቅም? ሰኔ ዘጠና ኤርትራዊ ነህ ተብለህ በአውቶቡስ ከተወሰድክ ወዲህ በፊዚክስ ተመርቄ አስተማሪ ሆኛለሁ፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በዚህ ጥያቄ አደርቀዋለሁ። ትናንት ተራው የእማዬ ነበር።

ሳይንቲስቶች ጋላክሲዎች እርስ በርስ ሲራራቁ አዩ፤ ራቅ ያለው ይበልጥ ይፈጥናል። ጊዜውን ወደ ኋላ ብትመልሰው እንግዲህ ሁሉም አንድ ላይ ታምቆ ይግል ነበር ማለት ነው። ብዙዎች አላመኑም። ኋላ ሁለት ሰዎች በትልቅ አንቴና ሲሠሩ አንድ ጫጫታ አስቸገራቸው፤ ወዴትም ቢያዞሩት ያው ነው። አንቴናው ውስጥ ርግቦች ሰፍረው ነበርና ኩሳቸው ይሆናል ብለው ጠረጉት። አልጠፋም። ለካ ከዚያ ከመጀመሪያው ግለት ተርፎ ዛሬም ከየአቅጣጫው የሚደርሰን፣ ዓይን የማያየው አንቴና ግን የሚይዘው ብርሃን ኖሯል።

“ኩስ ጠርገው ነው ይህን ያወቁት?” አለች እማዬ።

“ጠርገው አልጠፋ ሲላቸው ነዋ።”

“አባትሽ ቢሰማ አሁኑኑ ጣራ ላይ ነበር።”

ትዝ አለን። አንተ ከላይ አንቴናውን እያዞርክ “አሁንስ?” ስትል፣ እኛ “ሄደ፣ ወደ ኩሓ መልሰው” ስንልህ። ያ የምትረግመው የቴሌቪዥን ነጭ ነጠብጣብ፣ ከሱ ጥቂቱ ያው የጥንቱ ብርሃን ነበር። እማዬ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜዋ።

አባዬ፣ ነጋዴው ጀላሉ በጅቡቲ በኩል ከላካቸው ደብዳቤዎች አንዱም መልስ አላመጣም። እሑድ ሚዜህ አያ ሃይላይ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

“አያልነሽ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ሰው ሳይለቀስለት መቅረት የለበትም። ከፋሲካ በኋላ ለቅሶ እንቀመጥ” አላት እማዬን።

“አልተሰማም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ማስረጃ የታለ?” አልኩ እኔ።

“ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄን ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው። ድንበር ማዶ ማን ሄዶ ያይልሻል?”

ሲናገር እንባው ይወርድ ስለነበር ልቀየመው አልቻልኩም። መከራከሬን አልተውኩም፣ ግን ድምፄ እኔንም አላሳመነኝም። እማዬ ግን ማግስቱን ነጠላዋን ጥቁር አስነክራ መጣች።

ባለህበት ሁሉ ኢየሱስ ይጠብቅህ፤ የሚያጎርስህ ሰው አያሳጣህ።

ብዙ አትጻፍ፤ ስምህን በእጅህ ጽፈህ ብቻ ላክልን። ፋሲካ ሚያዝያ 22 ነው። ይህ ደብዳቤ ዘግይቶ ከዚያ በኋላ ቢደርስህም ጻፍ። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው መነሣት ይችላል።

ልጅህ
ራኬብ ኣረፋይነ