ውሃው ያሟሟው ድንጋይ

ቦንጋ፣ ኅዳር 1999 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ነው? ትንሽ ቀና ማለት ጀመርሽ ወይስ እንደዚያው ነው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ከፈለኝም ደህና ነው፤ «ለእማማ ሰላም በይልኝ» ብሎኛል። እዚህ ዝናቡ ገና አላባራም። ልብሱ አልደርቅ አለ እያልኩ ስነጫነጭ ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ይስቁብኛል።

እማዬ፣ ሰሞኑን የሆነውን ላጫውትሽ። ከሺሺንዳ ወዲያ ባለች መንደር ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሰዉ በሬ አርዶ ተደሰተ። እኔ ለውሃ መምሪያችን ናሙና ልወስድ ሄጄ ውሃውን ብነካው ለብ ይላል። ሲመረመር ያ ጥርስና አጥንት የሚያበላሸው ፍሎራይድ የሚሉት ነገር ልክ እንደ አገራችን እንደ ዓለም ጤና ውሃ በዝቶ ተገኘ።

ተመልሼ ለመጠጥ አይሆንም አልኳቸው። የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ ጣሰው፣ «ልጄ፣ እንዲህ የጠራ ውሃ ምኑ ይጎዳናል?» አሉኝ። እኔም አስረዳኋቸው፦ ከጫካው ሥር የሚፈልቀው ምንጫችሁ የቅርብ ጊዜ ዝናብ ነው፤ ዝናብ ሲያጥበው በኖረ ቀይ አፈር ውስጥ ቶሎ ስለሚያልፍ ከመሬቱ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ የጉድጓዱ ግን በትኩስ ዐለት ስንጥቅ ውስጥ ረጅም ዘመን ተኝቶ ድንጋዩን ሲያሟሟ የኖረ ነው። ሕፃን የታቀፈች ሴት፣ «ምንጩ እኮ ሩቅ ነው፤ ዳገቱ ገደለን» አለች። እውነቷን ነው።

ያን ጊዜ ሳወራ ሁልጊዜ አፌን የምከልልበትን እጄን አነሳሁ። ታውቂያለሽ፣ ሠርጌ ላይ እንኳ ጥርሴን ያየ የለም። ከፍቼ አሳየኋቸው፤ የበለዘውን፣ የተቦረቦረውን። «ይህንን ያደረገውም የጠራ ውሃ ነው፤ እናቴን ያጎበጣትም እሱ ነው» አልኳቸው። ሴትዮዋ ጠጋ ብላ አየችኝና የልጇን ድድ በጣቷ ዳሰሰች። ጋሽ ጣሰው፣ «እንግዲህ ምንጩን በቧንቧ እናውርደዋ» አሉ። ጉድጓዱ ለልብስ ማጠቢያ ቀረ፤ እነሱ ለቧንቧው ቦይ እየቆፈሩ ነው።

እማዬ፣ ጥርሴን ባየሽ ቁጥር «እኔ ነኝ ያጠጣሁሽ» እያልሽ ስታለቅሺ ኖርሽ። በጀርባሽ ተሸክመሽ ያመጣሽልኝ ውሃ ነው፤ ሌላ አልነበረም። የተወለድነው ዝናቡ ትንሽ፣ ከሥሩ እሳት ያለበት ምድር ላይ ነው። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ይህን በቃል ልነግርሽ እያልኩ ሁልጊዜ ሳልነግርሽ እመለሳለሁ።

አሁን እኔ ጋ ነይ። የእዚህ ውሃ ወገብሽን እንደ ድሮው ይመልሰዋል ብዬ አልዋሽሽም፤ ከእንግዲህ ግን ሕመም አይጨምርብሽም። ከፈለኝ ጅማ ድረስ መጥቶ ይቀበልሻል። አዝመራው ካልለቀቀሽ ለፋሲካ ይሁን፤ ከሰኔ ግን አታሳልፊብኝ። ስትመጪ እኔን ያዘልሽበትን አንቀልባ ከሣጥኑ አውጥተሽ ያዢልኝ። እትዬ በላይነሽ «ገንፎውን ለእኔ ተዪው» ይላሉ፤ እኔ ግን የአንቺን እጅ ነው የምፈልገው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልኝ፤ ዕድሜሽን ለእኛ ያቆይልን።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ