ርብ ዳር ስለማይገኘው ግንብ

ለክቡር አቶ አያልነህ
የሜዳው ልማትና ገጽታ ግንባታ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ፣ ሰኔ ከገባ ወዲህ የፎገራ ጭቃ ጫማዎን እንዳልነካው፣ ቢሮዎ ፎቅ ላይ በመሆኑም ወደፊት እንደማይነካው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልዎ አልቻልሁም። ጀምሬው ነበር፤ ውሸት ሆኖ ስላገኘሁት ሰረዝሁት።

ምናልባት ከዘነጉኝ ሀይለየሱስ እባላለሁ። ከባልደረባዬ ከማህደር ጋር እዚሁ ወረታ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ድረ ገጽ የምትሠራ ትንሽ ድርጅት አለችን። በድርጅታችን ገጽ ላይ «ዜናና የሙያ አስተያየት» የሚል ዓምድ አለ። እስካሁን በዚያ ዓምድ የወጣው ዜና ሁሉ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ደንበኛችን በመሆኑ የተሰማንን ኩራት የሚገልጽ ነበር። የዛሬውም ስለዚሁ ደንበኝነታችን ነውና ከሥራዎ ብዛት ጥቂት ጊዜ ቀንሰው እንዲያነቡልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ቅሬታዬን እንደ ሥርዓቱ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቅሬታ ከማለት ምስጋና ብለው ይሻላል። የሌላ ደንበኛ ኃላፊ ድረ ገጽ ሲያሠራ ገጹ ቶሎ ይከፈት እንደሆነ ይጠይቃል፤ እርስዎ ግን የጠየቁት ፎቶዎ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሙሉውን መያዙን ብቻ ነበር። ትእዛዝዎ ተፈጽሟል። በወረታ ኢንተርኔት ፀጉርዎ ጠዋት መታየት ቢጀምር ክራቫትዎ የሚደርሰው ከምሳ በኋላ ነው። ከሥርዎ የሚሮጠውን ቀይ ጽሑፍም እንዳዘዙት አስሩጠነዋል፤ እስካሁን አልደከመውም።

ሁለተኛ፦ ስለ ግንቡ ዜና ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ። በሙያችን እንደሚታወቀው ደንበኛ ድረ ገጽ ያዛል እንጂ በድረ ገጹ ላይ የሚጻፈውን አይሰጥም። ስለዚህ ጽሑፉ እስኪመጣ ድረስ ባዶው ቦታ በናሙና ይሞላል፤ ደንበኛው ርእሱ የት እንደሚውል፣ ፎቶው ምን ያህል እንደሚሰፋ አይቶ እንዲወስን ነው። እኛ ብዙ ጊዜ «ይህ የጽሑፍ ቦታ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እየደጋገምን እንሞላዋለን፤ ማንም አያነበውም፣ ማንንም አይጎዳም። የጽሕፈት ቤትዎ ጽሑፍ ግን «ለፊርማ ቀርቧል» እየተባለ ወራት ስለቆየ፣ እኔ አገልጋይዎ እጄ አላርፍ ብሎ አንድ ዜና ከራሴ ፈጠርሁ። «በርብ ወንዝ ዳር ሲሠራ የቆየው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተጠናቅቆ አገልግሎት መስጠት ጀመረ፤ የቀበሌው ነዋሪዎች ጎርፍ ከእንግዲህ ታሪክ ሆኗል አሉ» ብዬ ጻፍሁ። ከላዩ ላይም ከሩቅ ምሥራቅ አገር የተነሣ የሩዝ ማሳና ያማረ ግንብ ፎቶ ለጠፍሁበት። ርብ ዳር ያኔ ከጠጠር ክምርና ከአንድ የመሠረት ድንጋይ በቀር ምንም እንዳልነበረ እርስዎም፣ እኔም፣ እዚያ የሚግጡት ላሞችም እናውቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያን ዜና ዝም ብዬ አልጻፍሁትም። አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ምን ቢያነብ ደስ እንደሚለው አስቤ፣ ቃል መርጬ ጻፍሁት። እርስዎም ሥራውን ሊያዩ የመጡ ዕለት «ይህን ማን ጻፈው? ከእኛ ሪፖርት ይበልጣል እኮ!» ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። በዚያ ምስጋና ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ። ማህደር ከዜናው ሥር በትንንሽ ፊደል «ናሙና ጽሑፍ» ብላ ጽፋ ነበር። እርስዎ ያቺ ቃል ገጹን ታበላሸዋለችና ትውጣ አሉ። ማህደር እኔ አላወጣትም ብላ ከወንበሯ ተነሣች። በወንበሯ ተቀምጬ ቃሏን ያጠፋኋት እኔ ነኝ፤ ገጹም ከነዜናው ለሕዝብ ተከፈተ።

ሦስተኛ፦ ለእንግዶች ያደረጉትን እንክብካቤ ይመለከታል። ባለፈው ዓመት መጋቢት ከበላይ አካል የመጡት እንግዶች ግንቡን በዐይናቸው ለማየት ጠይቀው እንደነበር ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን የመጋቢት አቧራ ለጤናቸው እንደማይስማማ ተጨንቀው፣ ግንቡን በአዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር እንዲጎበኙት አደረጉ። ፕሮጀክተሩን የተከልሁት እኔ ስለሆንሁ ጭብጨባውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከጉብኝቱ በኋላ እንግዶቹ ድካማቸውን እንዲያወጡ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ተወሰዱ። እነሱ በፍል ውኃው ታጥበው ሲመለሱ ያቺ ከግንቡ በታች ናት የተባለችው ቀበሌ የክረምት ጀልባና የአሸዋ ጆንያ ከሚሰጣቸው ቀበሌዎች ወጣች። ግንብ ያላት ቀበሌ ጀልባ ምን ያደርግላታል?

ክረምት ሲገባ አቶ አለኸኝ የሚባሉ የዚያች ቀበሌ ገበሬ በገበያ ቀን ወደ ሱቃችን መጡ። እንደየዓመቱ ሞተር ጀልባዋ ትምጣልን ብለው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ቢሄዱ፣ ግንብ ተሠርቶላችሁ የለም ወይ፣ ካላመኑ መናኸሪያው ጀርባ ያለውን የኮምፒውተር ልጅ ይጠይቁ ተብለው ኖሯል። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ «ግንቡን የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ። እስቲ የት እንዳኖርኸው ንገረኝ፤ ባስስ ባስስ አጣሁት» አሉኝ።

ገጹን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ተመለከቱት። «ግንቡስ ያማረ ነው» አሉ፤ «እዚያ ላሉት ሰዎች እንኳን ደስ ያላቸው። እኛን ታዲያ ምን ይውጠን?»

ይስተካከላል አልኋቸው። ክቡር ሆይ፣ ያን ቃል የተናገርሁት ሐምሌ ገና ሲጀምር ነበር፤ ጀልባዋን ለማስመለስ በቂ ጊዜ ነበረ። ዜናውን ለማውረድ ደግሞ ከአንድ ሰው ጣት ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። ግን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ትልቁ ደንበኛችን ነበር፤ የሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎችም ሥራ ከመስጠታቸው በፊት የእርስዎን ፊት ነበር የሚያዩት። ቢቆጡስ ብዬ ፈራሁ። ማህደር በየቀኑ ስትጠይቀኝ ነገ እያልሁ መለስሁላት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔን ግን መጥተው ቢያዩት ዱቄት ሆኗል።

ነሐሴ ላይ ርብ ሞላ፣ ጣናም ወደ ኋላ ገፋው። አቶ አለኸኝና ባለቤታቸው ወይዘሮ ገላነሽ ቀኑን ሙሉ የቤታቸው ጣራ ላይ ዋሉ፤ በኋላ የጎረቤት ታንኳ ደርሶ አወጣቸው። ታንኳ ሰው ያወጣል እንጂ በሬ አይችልም። ጥማድ በሬዎቻቸውን ዐይናቸው እያየ ውኃው ወሰደባቸው። ያንኑ ሳምንት በእርስዎ ገጽ ላይ የቀበሌው ነዋሪዎች ጎርፍ ታሪክ ሆኗል እያሉ ነበር።

ውኃው ከሸሸ በኋላ አቶ አለኸኝ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ነበር። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው፤ ቢሰድቡኝ እንዴት በተገላገልሁ። እሳቸው ግን «ያ ግንብ አሁንም አለ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አለ አልኋቸው። «ጠንካራ ነው» አሉና ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

አራተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም። እርስዎ ያደረጉት የቀረበልዎትን ውሸት መውደድ ነው፤ አብስሎ ያቀረበልዎ ግን እኔ ነኝ። ለእርስዎ በጻፍሁት ደብዳቤ ውስጥ ይህን ያህል ስለ ራሴ ማውራቴ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከሳሽ መስዬ ቀርቤ የተከሳሹን ወንበር ለእርስዎ ብቻ ብተውልዎ ዳግመኛ መዋሸት ይሆንብኛል። ለሁለታችን ይበቃል፤ ጠጋ ብለን እንቀመጥ።

አሁን ደግሞ ክረምቱ ተመልሶ መጥቷል። ወይዘሮ ገላነሽ ነፍሰ ጡር ናቸው፤ ወራቸው ነሐሴ ነው። ጤና ጣቢያው ከውኃው ማዶ ነው። የዘንድሮው የጀልባ ድልድል ሲወጣ ያቺ ቀበሌ ዛሬም የለችበትም፤ ለምን ብዬ የሚያውቅ ሰው ብጠይቅ፣ ግንብ አላት፣ በድረ ገጽ ወጥቷል አለኝ። ወደ ቢሮዎ መጥቼ ዜናው ይውረድ ብዬ ስለምንዎ፣ በሚያስመሰግን ትዕግሥት አዳምጠው፣ «ግምገማው እስኪያልፍ ድረስ ይቆይ» ብለው አሰናበቱኝ። ስለ ሰጡኝ ወንበር አመሰግናለሁ። ግምገማው መቼም ያልፋል፤ የሴትዮዋ ምጥ ግን ለግምገማ ቀን አይሰጥም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት መብራት እንደመጣ ግንቡን አፍርሼዋለሁ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም። በግንቡ ቦታ ማህደር ትናንት ርብ ዳር ሄዳ ያነሣችውን ፎቶ አድርጌያለሁ። የጠጠሩ ክምር አለ፣ የመሠረት ድንጋይዎ አለ፣ በድንጋዩ ላይ ወይዘሮ ገላነሽ ተቀምጠዋል። ከሥሩ «ግንቡ አልተሠራም። ይህች ቀበሌ ለክረምቱ ጀልባ ያስፈልጋታል» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ናሙና አይደለም። ደብዳቤዬንም ከእርስዎ ፎቶ አጠገብ አውጥቼዋለሁ፤ በእኛ ገጽ ብቻ ቢቀር አንባቢው እኔና ማህደር እንሆናለን ብዬ ሰጋሁ።

ያለ ፈቃድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ገጽ መንካት የሚያስጠይቅ መሆኑን አላጣሁትም። ፀረ ልማት የሚለውን ስምም ከአሁኑ እየተለማመድሁት ነው። ግንቡን መልሰው ማቆም ቢፈልጉ የይለፍ ቃሉ ጸሐፊዎ ዘንድ አለና ሌላ ባለሙያ ያሠሩ። የሚሠራልዎት እንደማይጠፋ እኔ ምስክር ነኝ። ማህደርን ግን እንዳይነኩብኝ፤ ከሁላችን መካከል መጀመሪያ እምቢ ያለች እሷ ብቻ ናት።

ለሰጡኝ ሥራ፣ ለመታኝ መዳፍዎና ለማያልቀው ትዕግሥትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እድሜዎ እንደ ጣራ ገዳም ወይራ ይርዘም፤ በዚህም ረጅም እድሜ አንድ ቀን እስከ ርብ ድረስ በእግርዎ ለመሄድ ያብቃዎ።

የቀድሞ ዜና ፈጣሪዎ፣ ርብን ያለ ድንጋይና ያለ ሲሚንቶ የገደበው፣
ሀይለየሱስ
ሰኔ ወር 2007 ዓ.ም.
ወረታ

ደብዳቤው ከወጣ በኋላ የታከለ፦ አቶ አለኸኝ ባለፈው ክረምት ውኃ እየመጣ ነው ብለው ሲመላለሱ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ወደ ቀበሌው ሰው የሚልክበት ነዳጅ እንደሌለው ተነግሯቸው ነበር። የግንቡ ፎቶ በወረደበት ዕለት ግን፣ ገና ከምሳ በፊት፣ ሁለት ሠራተኞችዎ በሞተር ብስክሌት ሱቄ ደርሰዋል፤ ነዳጅ በመገኘቱ የተሰማኝን ደስታ ልገልጽልዎ እወዳለሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ደጃፍ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ወደ ፖሊስ ጣቢያ አብሬያቸው ስለምሄድ ስለ እኔ አያስቡ። ሲመለሱ ግን ሞተሩን አያጥፉት በሏቸው፤ ይኸው መንገድ ቀጥ ብሎ ርብ ዳር ያደርሳል፤ ወይዘሮ ገላነሽ ያሉት እዚያ ነው።