አሮጌው ኮምፒውተር አይነቀልም

ለልጄ፤ እንዴት ሰንብተሃል? እኔም እናትህም በጤና አለን።

አረጀ እያልክ ስትጨቀጭቀኝ የነበረውን ኮምፒውተር ሳልጥል አዲስ ገዛሁ። ኢንተርኔቱንም ፈጣኑን አስገባሁ። ገመዱን የዘረጋው ባለሙያ ግን ደሜን አፈላው። አሮጌውን ሊነቅል እጁን ሲሰድ «ተወው» አልኩት።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም የሚገባ ነው። የሚደውልልዎ ሰው በአዲሱም ያገኝዎታል።»

«ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት እሁድ እሁድ በዚህ ነው የደወለው። አንተ መስመሩን አስተካክል፤ ከተበላሸ ሦስት ወሩ ነው።»

ሲፈትሽ ቆይቶ «መስመርዎ ድሮም ደህና ነበር» አለኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ያለ አስተማሪ ኮምፒውተር የተማርኩትን ሰው፣ ስለ መስመር ሊያስተምረኝ። በሩን አሳየሁት።

እናትህ ከወጥ ቤት ሆና ሰምታዋለች። እሁድ እንደ ልማዷ መነጽሯን ወልውላ ከአሮጌው ፊት ተቀምጣ እስኪመሽ ጥሪህን ጠበቀች። «መስመሩ ነው» አልኳት።

አሁን ሁለቱም ጎን ለጎን በርተዋል። ባትደውልም ግድ የለኝም። መስመሩ ተበላሽቶ እንደነበር ብቻ በገዛ እጅህ ጽፈህ ላክልኝ፤ ለዚያ ባለጌ አሳየዋለሁ። ለእናትህም አነብላታለሁ።

በል፣ ጤና ይስጥህ።

ያው አባትህ